«ዳክቲል» ለምን ጣት ተባለ? የግጥም ምጣኔ ስምን እስከ ግሪክና ላቲን ምንጩ የመከተል መመሪያ

ጥያቄው አያልቅም። አንዱ በቴሌግራም ይልከዋል፤ ሌላዋ ፈተና ሲደርስባት ትደውላለች። «ዳክቲል ምን ማለት ነው?» ይሉኛል። «ጣት» እላለሁ። «እንዴ! ጣትና ግጥም ምን አገናኛቸው?» ከዚህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ሻዬም ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። ዳክቲል ከግጥም «እግሮች» አንዱ ነው፤ እግር ማለት ስንኝ የሚሠራበት ትንሽ የድምፅ ክፍሎች ቡድን ነው። እሱን እንደ ናሙና ይዘን እንሄዳለን። መንገዱን አንዴ ከያዛችሁት የሌሎቹን እግሮች ስም፣ ስፖንዴን፣ ትሮኪን፣ አናፔስትን፣ ያምብን ራሳችሁ ትፈትሻላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። «ቃሉ ምን ማለት ነው?» እና «ለምን የዚህ ነገር ስም ሆነ?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያውን መዝገበ ቃላት ይመልሰዋል። ሁለተኛው ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን መልስ አግኝቶ ሁለተኛውንም የመለሰ ሲመስለው ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- እርሳስና ካርድ፣ ወይም ደብተር። ለአንድ ቃል አንድ ካርድ።
- ማስመሪያ። የምትለኩበት ነገር አለ፤ ትደርሱበታላችሁ።
- የግሪክ ቁልፍ ሰሌዳ የተጫነበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር።
- የግሪክ መዝገበ ቃላት። ሊድል፣ ስኮትና ጆንስ የሚባለው ትልቁ ነው። በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሎጊዮንም፣ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲው ፐርሲየስም አላቸው።
- የላቲን መዝገበ ቃላት። ሊዊስና ሾርት ይበቃል። እሱም እዚያው አለ።
- የግሪክ ሥርወ ቃል መዝገብ፦ የሻንትሬን ወይም የቤይክስ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።
- የግራ እጃችሁ ሌባ ጣት። ይህኛው ግዴታ ነው።

ሥርወ ቃሉ ለምን የራሱ መዝገብ እንዳስፈለገው ልንገራችሁ። የሊድልና ስኮት የመጀመሪያ እትም 1843 ነው፤ ሊዊስና ሾርት ደግሞ 1879። ቃሉ የት የት እንደተጻፈ ለማወቅ ዛሬም ወርቅ ናቸው። ቃሉ ከየት እንደተወለደ ሲናገሩ ግን አብዛኛው ያረጀ ነው። የቤይክስ 2010 የታተመ ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአማርኛ ቤት ቆጠራ አትግቡበት

የእኛ የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይሄዳል። የሚቆጠረው የቀለሙ ብዛት ነው። («ቀለም» ስል አፋችንን አንዴ ከፍተን የምንጠራትን የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው።) የግሪክና የላቲን ግጥም የሚመዝነው ግን ርዝመትን ነው፦ ቀለሙ ረጅም ነው ወይስ አጭር? አንድ ረጅም የሁለት አጭር ጊዜ ይወስዳል። በሄክሳሜትር (ስንኙ ስድስት እግር ባለው ምጣኔ) አንዱ ስንኝ 12፣ ሌላው 17 ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አብዛኞቻችን ዳክቲልን የምናውቀው በእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። የእንግሊዝኛው ዳክቲል አንድ ጎላ ያለና ሁለት ደከም ያሉ ቀለሞች ናቸው፤ የድምፅ ጉልበት ነው የሚቆጠረው። የግሪኩ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ነው። ይህን ካላያችሁ የጣቱ ነገር ጨርሶ አይገባችሁም፤ ምክንያቱም ጣት ርዝመት እንጂ ጉልበት አያሳይም።

ደረጃ 1፦ ስሙን ወደ ሙሉ ቅርጹ መልሱት

«ዳክቲል» ተቆርጦ የደረሰን ነው። የላቲኑ ሙሉ ቅርጽ ዳክቲሉስ፣ የግሪኩ ዳክቲሎስ ነው። በግሪክ ፊደል ስትጽፉት ዴልታ፣ አልፋ፣ ካፓ፣ ታው፣ ኡፕሲሎን፣ ላምዳ፣ ኦሚክሮን፣ ሲግማ ይሆናል። የመጨረሻዋ ሲግማ ቅርጿ ከመሀል ቃሏ ሲግማ ይለያል፤ ጅራት አላት። ስልካችሁ ራሱ ካልቀየረላችሁ ለብቻዋ ፈልጓት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ተቆርጦ በደረሰን ስም ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ የዘመኑ ትርጉም ብቻ ነው። በሙሉ ቅርጹ ስትፈልጉ የጥንቱ ይመጣል።

የላቲኑን ቅርጽ ደግሞ በዓይናችሁ ፈትሹት። ላቲን የግሪክን ኡፕሲሎን ለመጻፍ የተዋሰው ፊደል አለ፤ ከላቲን ፊደላት ከመጨረሻው ሁለተኛው፣ ሹካ የሚመስለው። የላቲን ቃል ውስጥ እሱን ካያችሁ ቃሉ ከግሪክ ሳይመጣ አይቀርም። ፊ፣ ኺ እና ቴታ የተባሉትን የግሪክ ፊደላት ለመጻፍ ከተነባቢ ኋላ የሚደረደረው «ሀ»ም እንደዚያው ምልክት ነው። ዳክቲሉስ ውስጥ ሹካው አለ። ስለዚህ ምንጩ ላቲን አይደለም፤ ወደ ግሪክ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያ የዕለት ተዕለት ትርጉሙን አንብቡ

መዝገበ ቃላቱን ስትከፍቱ ዓይናችሁ «የግጥም እግር» ወደሚለው መስመር መሮጡ አይቀርም። አትሩጡ። ከላይ ጀምሩ። የዳክቲሎስ ትርጉሞች እነዚህን ይጨምራሉ፦

የእጅ ጣት። የእግር ጣት። የርዝመት መለኪያ፤ የአንድ ጣት ስፋት፣ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ የአንድ ጫማ አንድ አሥራ ስድስተኛ። ቴምር። የግጥም እግር።

ሁሉንም ካርዱ ላይ ገልብጡ። አንዱንም አትዝለሉ፤ ቴምሩንም ጭምር። የሙያ ቃል ከዕለት ቃል ነው የሚወለደው፤ ከየትኛው እንደተወለደ የምታውቁት ሁሉንም ካያችሁ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ለምሳሌ «መለኪያ ነበርና የግጥም መለኪያ ሆነ» ለማለት ያምራል። ጋት፣ ስንዝርና ክንድ ለለመደ ሰው በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ እል ነበር። ችግሩ ይህ ሐሳብ ከሌሎቹ እግሮች ሁሉ ይልቅ ይኼኛው ብቻ ለምን ጣት እንደተባለ አይመልስም። ሁሉም እግር ይለካል እኮ።

ቴምሩም የራሱ ጉድ አለው። ዕብራይስጥ የቴምር ዛፍን «ዴቀል» የሚልበት ቃል አለው፤ አረብኛና አራማይክም የሚቀራረብ ቃል አላቸው። ስለዚህ ግሪኮች ሴማዊውን ቃል ሰምተው ወደሚያውቁት «ጣት» አስጠግተውት ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቴምር ጣት ስለሚመስል ማስጠጋቱ አይከብድም። ለግጥሙ ጉዳይ ግን አይጠቅመንም። ካርዱ ላይ ይቀመጥ፣ እንለፈው።

ደረጃ 3፦ ቃሉ የሙያ ቃል ሆኖ የታየበትን ጥንታዊ ቦታ ፈልጉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። አንድ ማብራሪያ ስትሰሙ «ቃሉ በዚህ ትርጉም መቼ ነበረ?» ካላላችሁ የብዙ መቶ ዓመት ልዩነት ሳታዩት ያልፋችኋል።

ለዳክቲል ሁለት ጥንታዊ ቦታዎች አሉ። አንደኛው የአሪስቶፋኒስ ኮሜዲ «ደመናዎች» ነው፤ አቴና ውስጥ በ423 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የቀረበ። ሶቅራጥስ አንድ የገጠር ሽማግሌን የግጥም ምት ሊያስተምረው ይሞክራል፤ «ዳክቲል» የሚለውን ቃል ያነሳል። ሽማግሌው «እሱንማ አውቀዋለሁ» ይልና ጣቱን ይቀስራል። የቀሰረው ደግሞ ጨዋ በሆነ መንገድ አይደለም።

ቀልዱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ቀልድ የሚያስቀው ተመልካቹ ሁለቱንም ትርጉም ካወቀ ነው። ስለዚህ በ423 «ዳክቲል» ለአቴና ሕዝብ ጣትም የግጥም ምትም ነበር። ከአንድ ቀልድ ይህን ያህል መረጃ ይወጣል። ሁለተኛው ቦታ የፕላቶ «ሪፐብሊክ» ሦስተኛ መጽሐፍ ነው። እዚያም ሶቅራጥስ ስለ ምት ሲያወራ ዳክቲልን፣ ያምብንና ትሮኪን በስም ይጠራል።

*የምህጻረ ቃል ወጥመድ።* ትልቁ መዝገበ ቃላት ደራሲዎችን በምህጻረ ቃል ነው የሚጠራው። «አር» ብቻ ሲሆን አሪስቶፋኒስ ነው። «አሪስት» ሲሆን አሪስቶትል ነው። ጥቂት ፊደል ጨመረ ቀነሰ፣ ኮሜዲ ጸሐፊው ፈላስፋ ይሆናል። ይህን የምጽፈው ከመከራ ነው፤ አንድ ጊዜ የጣቱን ቀልድ ለአሪስቶትል ሰጥቼ ጽፌ፣ አንዲት አንባቢ ደውላ «አሪስቶትል መቼ ነው ቀልድ የጀመረው?» አለችኝ። ፕላቶና ፕሉታርክም በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ በመካከላቸው ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ። የመዝገቡ መግቢያ ላይ የምህጻረ ቃል ዝርዝር አለ። ያለ ኀፍረት ተመልከቱት።

ደረጃ 4፦ ማብራሪያውን በጣታችሁ ላይ ሞክሩት

የተለመደው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ጣት ሦስት አንጓ አለው፤ የመጀመሪያው ረጅም፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ አጭር። ዳክቲልም ረጅም፣ አጭር፣ አጭር ነው።

አሁን ብዙ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ያይና «ሦስቱም እኩል ናቸው!» ይለኛል። ልክ ነው፤ በመዳፍ በኩል እኩል ይመስላሉ። ስህተቱ ያየበት ጎን ነው። በመዳፍ በኩል የታችኛው መስመር ያለው መጋጠሚያው ላይ አይደለም። ቆዳው ከጎን ካለው ጣት ጋር የሚያያዘው ከፍ ብሎ ስለሆነ የመጀመሪያው አንጓ ከፊሉ መዳፍ ውስጥ ተደብቋል።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) የግራ እጃችሁን ጨብጡ፤ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ራሳችሁ አዙሩ።

ለ) በሌባ ጣታችሁ ላይ ከትልቁ ጉብታ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ያለውን በማስመሪያ ለኩ።

ሐ) ከሁለተኛው መታጠፊያ እስከ ሦስተኛው፣ ከዚያም እስከ ጫፉ ለኩ።

መ) የኋለኞቹን ሁለቱን ደምሩና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ።

የሁለቱ ድምር ከመጀመሪያው ጋር እንደሚቀራረብ ታያላችሁ። አንድ ረጅም ከሁለት አጭር ጋር እኩል ነው የሚለው የግሪኮች ሕግ እጃችሁ ላይ ወጣ ማለት ነው። ፍጹም እኩል ካልሆነ አትጨነቁ፤ የጣት እንጂ የወርቅ ሚዛን አይደለም። ይህ ሙከራ ማብራሪያው ከነገሩ ጋር እንደሚስማማ ያሳያል። እውነት መሆኑን ግን ገና አያረጋግጥም። ለዚያ ቀጣዩ ደረጃ አለ።

ደረጃ 5፦ ማብራሪያውን ማን ሰጠው? መቼ?

የአንጓውን ነገር በግልጽ ከጻፉት አንዱ የሴቪሊያው ጳጳስ ኢሲዶር ነው። በላቲን ነው የጻፈው፤ ያረፈው በ636 ነው። ከደመናዎቹ ቀልድ እስከ እሱ ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አለፈ። ደግሞ ኢሲዶር የቃል ምንጭ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ድምፅ ለድምፅ እያገጣጠመ ነው። እሱ ስላለ ብቻ አትመኑት፤ እሱ ስላለ ብቻም አትጣሉት።

ተፎካካሪ ማብራሪያም አለ። በግሪክ ተረት ኢዳ ከተባለው ተራራ ጋር የሚነሱ «ዳክቲሎች» የሚባሉ ብረት ሠሪዎች ነበሩ። ከጥንቶቹ አንዳንዶቹ የግጥሙን ስም ከእነሱ ያያይዙታል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ የአንጓው ማብራሪያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ረጅም፣ አጭር፣ አጭር የሚለውን ቅደም ተከተል ራሱን ያስረዳል። የብረት ሠሪዎቹ ተረት ይህን አያስረዳም። ካርዱ ላይ ግን ሁለቱንም ጻፉ።

ዳክቲሎስ ራሱስ ከየት መጣ? ይህኛው አይታወቅም። ቤይክስ ከግሪክ በፊት በአካባቢው ይነገር ከነበረ ቋንቋ እንደመጣ አድርጎ ያየዋል። የላቲኑ ዲጊቱስም ጣት ማለት ነው፤ በ«ዲ» እና በ«ዳ» መጀመራቸው ብቻ ግን ዘመድ አያደርጋቸውም። መጀመሪያ የሚያሳስታችሁ እሱ ነውና ተጠንቀቁ።

ደረጃ 6፦ ላቲኑ ተዋሰው ወይስ ተረጎመው?

ሮማውያን የግሪክን የግጥም ቃል ሲወስዱ ሁለት መንገድ ነበራቸው። ወይ ድምፁን እንዳለ ይወስዳሉ፣ ወይ ትርጉሙን በራሳቸው ቃል ይተካሉ። የትኛው እንደሆነ መለየት አለባችሁ፤ ምክንያቱም በተተረጎመ ቃል ላይ የላቲኑን ሥር ብቻ ብታዩ ሐሳቡ የሮማውያን ይመስላችኋል።

ዳክቲሉስ የተዋሰ ነው። የተተረጎሙት ደግሞ እነዚህን ይመስላሉ። ግሪኩ «ፑስ» እግር ነው፤ ላቲኑ «ፔስ» አለው፤ እሱም እግር። ግሪኩ «ቶሜ» መቁረጥ ነው፤ ላቲኑ «ካይሱራ» አለው፤ መቁረጥ ከሚል ግሥ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያምረው «ፕሮሶዲያ» ነው። «ፕሮስ» ወደ፣ «ኦዴ» ዜማ፤ ቃሉን የሚያጅብ ዜማ። ሮማውያን ቁርጥራጩን በየተራ ተኩት፦ «አድ» ወደ፣ «ካንቱስ» ዜማ። «አክሰንቱስ» ሆነ። ዛሬ የሰው አነጋገር ላይ «አክሰንት አለው» የምንለው ከዚያ ነው።

*የአርሲስና የቴሲስ ወጥመድ።* ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ መጻሕፍት እርስ በርስ የሚጣሉበት ቦታ ነው። በግሪክ «አርሲስ» ማንሳት፣ «ቴሲስ» ማስቀመጥ ነው። የሚነሳውና የሚቀመጠው እግር ነው፤ የሚረግጥ፣ የሚጨፍር እግር። እግር መሬት ሲነካ ምቱ ይጎላል። ስለዚህ ጠንካራው ክፍል ቴሲስ ነው። በኋላ የመጡ የላቲን ሰዋስው ጸሐፊዎች ግን ነገሩን በድምፅ ተረዱት፦ ድምፅ ሲነሳ አርሲስ፣ ሲወርድ ቴሲስ። ጠንካራው ክፍል አርሲስ ሆነና ትርጉሙ ተገለበጠ። የዘመናችን መጻሕፍት አንዳንዶቹ የግሪኩን፣ አንዳንዶቹ የላቲኑን ይከተላሉ፤ የትኛውን እንደያዙ ሁሉም አይነግሯችሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጽሐፉ የዳክቲልን ረጅም ቀለም ምን ብሎ እንደሚጠራ ፈልጉ። ቴሲስ ካለ የግሪኩ ነው። አርሲስ ካለ የላቲኑ ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ከሁለት መጻሕፍት አትቅዱ።

ደረጃ 7፦ በሌሎቹ ላይ ድገሙት

አሁን በፍጥነት እንሂድ። ውጤቱን እኔ እነግራችኋለሁ፤ እናንተ በመዝገቡ አረጋግጡ።

ስፖንዴ፣ ሁለት ረጅም። ከ«ስፖንዴ»፣ ለአማልክት ወይን ማፍሰስ። በዚያ ሥርዓት ላይ የሚዜመው ዜማ ዝግ ያለ ነበር፤ ሁለት ረጅም ቀለም ቀስ ይላልና ገጠመ።

ትሮኪ፣ ረጅምና አጭር። «ትሮካዮስ»፣ ሯጭ። ግሥ ነው ሥሩ፤ መሮጥ። ጎማ ማለት የሆነው «ትሮኾስ»ም ከዚያው ቤት ነው።

አናፔስት፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። «አናፓይስቶስ»፣ ወደ ኋላ የተመታ። የተገለበጠ ዳክቲል ነው። ጣታችሁን ከጥፍሩ ጀምራችሁ ወደ ታች ቁጠሩት፤ አናፔስት ይወጣላችኋል።

አምፊብራክ፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። «አምፊ» በሁለቱም በኩል፣ «ብራኺስ» አጭር። ስሙ ራሱ ሥዕል ነው።

ያምብ ላይ ግን ቆም በሉ። አጭርና ረጅም፤ ከሁሉም የታወቀው እግር ይኼው ነው፤ ምንጩ ግን የለም። አሪስቶትል ምጣኔው በዚህ ስም የተጠራው ሰዎች እርስ በርስ ይሰዳደቡበት ስለነበር ነው ይላል። ግሪክኛው «ያምቢዜይን» የሚል ግሥ አለውና፤ በግጥም መዝለፍ። ልብ በሉ፦ ግሡ ራሱ ከያምቦስ የተሠራ ነው። ቃሉን በራሱ ልጅ ማስረዳት ነው የሚሆነው። ለዴሜትር በተዘመረው ጥንታዊ መዝሙር ደግሞ ያምቤ የምትባል ሴት አለች፤ ያዘነችውን አምላክ በቀልዷ ታስቃታለች። ስሙ ከእሷ ነው ወይስ እሷ ከስሙ? የኋለኛው ይቀላል፤ ለቃሉ ባለቤት ፈልገው ተረት ሳይሠሩለት አልቀሩም። ሥርወ ቃል መዝገቦቹ ያምቦስን ከዲቲራምቦስና ከትሪያምቦስ (እነሱ የመዝሙር ስሞች ናቸው) ጋር ያስቀምጡታል፤ ሦስቱም በ«አምቦስ» ይጨርሳሉ፤ ሦስቱም ከግሪክ ውጭ ሳይመጡ አልቀሩም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያልቃል።

*የቁጥር ወጥመድ።* ሄክሳሜትር «ስድስት መለኪያ» ነው፤ ስድስት እግርም አለው። ትሪሜትር «ሦስት መለኪያ» ነው፤ የያምብ ትሪሜትር ግን ስድስት እግር አለው! ግሪኮች ዳክቲልን አንድ በአንድ፣ ያምብን፣ ትሮኪንና አናፔስትን ግን ሁለት ሁለት እያሉ ነው የሚቆጥሩት። ሮማውያን ተመሳሳዩን ዓይነት ስንኝ አንድ በአንድ ቆጥረው «ሴናሪዩስ» አሉት፤ ባለ ስድስት። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደግሞ ትሪሜትር ሲሉ ሦስት እግር ነው። ስለዚህ ቁጥር ያለበት ስም ስታዩ መጀመሪያ «ማን ነው የቆጠረው?» በሉ።

ደረጃ 8፦ በእውነተኛ ስንኝ ላይ ፈትሹ

ስሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይረሳዋል። አንድ ስንኝ የመጠነ አይረሳውም። የሮማዊውን ገጣሚ የቨርጂልን «ኤኔይድ» የመጀመሪያ ስንኝ ውሰዱ፦

አርማ ዊሩምኴ ካኖ፣ ትሮያይ ኲ ፕሪሙስ አብ ኦሪስ

ሕጉ አጭር ነው። አናባቢው ረጅም ከሆነ ወይም ጥንድ አናባቢ ከሆነ፣ ቀለሙ ረጅም ነው። አናባቢው አጭር ሆኖም በተነባቢ ከተዘጋ፣ አሁንም ረጅም ነው። ሌላው አጭር ነው። ሲከፋፈል እንዲህ ይሆናል፦

አር-ማ-ዊ ፦ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ዳክቲል።
ሩም-ኴ-ካ ፦ ዳክቲል።
ኖ-ትሮ ፦ ረጅም፣ ረጅም። ስፖንዴ።
ያይ-ኲ ፦ ስፖንዴ።
ፕሪ-ሙ-ሳ ፦ ዳክቲል።
ቦ-ሪስ ፦ ስፖንዴ።

አምስተኛውን እዩት። «ሙስ» በ«ስ» የተዘጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ስለሚጀምር «ስ» ወደዚያ ትሄዳለች። «አብ»ም እንደዚሁ «ብ»ን ለ«ኦሪስ» ይሰጣል። ለዚህ ነው ሁለቱም አጭር የሆኑት። በስንኝ ውስጥ የቃል ድንበር እንደሌለ አድርጋችሁ አንብቡ።

ለእኛ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያም አለ። ፊደላችን የአናባቢ ርዝመት አይጽፍም። «ማ» ራብዕ ስለሆነች ረጅም ትመስላለች፤ እዚህ ግን አጭር ናት። «አር» አጭር ትመስላለች፤ እሷ ናት ረጅሟ። በግዕዝ ፊደል ስትገለብጡ ከረጅሙ ቀለም በላይ በእርሳስ ጭረት አድርጉ። ካልሆነ ዓይናችሁ ያታልላችኋል።

ደረጃ 9፦ ካርዱን ሙሉ

የዳክቲል ካርድ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

ግሪክ፦ ዳክቲሎስ። ላቲን፦ ዳክቲሉስ፤ የተዋሰ።
የዕለት ትርጉም፦ ጣት፤ መለኪያ፤ ቴምር።
የሙያ ትርጉም፦ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር።
ጥንታዊ ቦታ፦ አሪስቶፋኒስ፣ 423 ከክርስቶስ ልደት በፊት፤ ከዚያ ፕላቶ።
ለምን ጣት፦ የአንጓዎቹ ርዝመት። በግልጽ የጻፈው፦ ኢሲዶር። ተፎካካሪ፦ የኢዳ ዳክቲሎች።
እርግጠኝነት፦ ትርጉሙ፣ ሙሉ። ምክንያቱ፣ በጣም ይመስላል። የዳክቲሎስ ሥር፣ አይታወቅም።

የመጨረሻውን መስመር በሦስት መክፈላችሁን አትርሱ። አንድ ላይ «እርግጠኛ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሥሩን አለመታወቅ ይሸፍነዋል።

የያምብን ካርድ ስትሞሉ ደግሞ የምንጩን ቦታ ባዶ አትተዉት። «አይታወቅም» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ባዶ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቦታ ያነበባችሁትን የያምቤን ተረት ትሞሉበታላችሁ።